የወንጀል ገንዘብ የሚያድርበት ቤት

ሌባ የሰረቀውን የሚሸሽግለት ቤት ካጣ ሥራው ብዙ እንደማይራመድ የታወቀ ነው። በዛሬው ዓለም በአደንዛዥ ዕፅ የሚነግዱትና የሕዝብ ሀብት የሚዘርፉት ሰዎች የሚተማመኑበት ቤት ባንክ ነው፤ ገንዘቡ ከአገር ወደ አገር፣ ከአንዱ ኩባንያ ስም ወደ ሌላው ሲዛወር ቆይቶ ንጹሕ የንግድ ትርፍ መስሎ ይወጣል። ገንዘብ ማጠብ የሚባለውም ይኸው ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ባንክ ቢዘጋ ወንጀሉ ይቆማልን?

አጋ ሐሰን አበዲ የተባሉ ፓኪስታናዊ በ1972 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋሙት ቢ.ሲ.ሲ.አይ. የተባለው ባንክ ከ70 በሚበልጡ አገሮች ይሠራ ነበር። የፓናማው ገዥ የጄኔራል ኖሪዬጋ ገንዘብም በዚያ ይቀመጥ ነበር። በ1990 በአሜሪካ፣ በታምፓ ከተማ፣ የዕፅ ገንዘብ ማጠቡን አምኖ ተቀጣ፤ ጁላይ 5 ቀን 1991 ደግሞ የእንግሊዝ ባንክ ከሌሎች አገሮች ተቆጣጣሪዎች ጋር ሆኖ ዘጋው። መዘጋቱ የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን በር ላይ ቆመው የቀሩት የዕፅ ነጋዴዎች ሳይሆኑ የዕለት ሽያጫቸውን ያስቀመጡ ባለሱቆች ነበሩ። በስኮትላንድ የምዕራብ ደሴቶች ምክር ቤት እንኳ 23 ሚሊዮን ፓውንድ ተይዞበታል። ከገንዘቡ ብዙው የኋላ ኋላ ቢመለስም ለማስመለሱ ረጅም ዓመታት ፈጅቷል፤ ባለሱቅ ደግሞ ይህን ያህል የሚጠብቅበት ስንቅ የለውም።

አሁን ወደ ትልቁ ባንክ እንምጣ። ኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. በሜክሲኮና በኮሎምቢያ የዕፅ ነጋዴዎች ቢያንስ 881 ሚሊዮን ዶላር እንዳሳለፉበት በ2012 አመነ። በሜክሲኮ ነጋዴዎቹ ጥሬ ገንዘቡን ያመጡ የነበረው በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ልክ በተሠራ ሣጥን ነበር! አናጺው መስኮቱን ለክቶ ሲሠራ፣ ከውስጥ የተቀመጠው ሰው ምን ያስብ ኖሯል?

ይሁን እንጂ ይህ ባንክ አልተዘጋም። 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ ክሱ ለአምስት ዓመት እንዲቆይለት ተደረገ። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦዝቦርን ክስ ቢመሠረት የገንዘብ ገበያው ይታወካል ሲሉ ለአሜሪካ ባለሥልጣኖች ጽፈው እንደ ነበር፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ሪፖርት በ2016 ገልጧል።

እንግዲህ ሕጉ ጉልበት የሚያገኘው ከለላ የሌለው ባንክ ላይ ሲደርስ ነው ማለት ነው። የባንኩን በር መዝጋት አስቀማጩን የሚጎዳ፣ መቀጫውም ባለአክሲዮኑን ብቻ የሚነካ ከሆነ፣ የሚሻለው ገንዘቡን እያወቀ የተቀበለውን ሹም በስሙ ጠርቶ ዳኛ ፊት ማቆም ነው። በኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. ጉዳይ ከባንኩ ሹማምንት አንድም ሰው በወንጀል አልተከሰሰም፤ የቆየውም ክስ በ2017 ተሰረዘ።