ታንኳው ግድግዳ ላይ፣ ባለታንኳው ደጅ

ባሕር ዳር ውስጥ የታንኳ ሥዕል የሌለበት ሆቴል አግኙና ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ። ግድግዳው ላይ ታንኳ፣ ቲሸርቱ ላይ ታንኳ፣ ቁልፍ መያዣው ላይ ታንኳ። ሙሽሮች ሳይቀሩ ፎቶ የሚነሱት ታንኳ አጠገብ ነው። ጎንደር በፋሲል፣ አክሱም በሐውልቱ እንደሚታወቁት የኛ ከተማ ምልክት ይኼው የደንገል እስር ሆኗል። እሰየው! ግን እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ታንኳ የሚሠራ ሰው ቤት ገብታችሁ ውሃ የጠጣችሁት መቼ ነው?

መልሱን ስለማውቀው አላፋጥጣችሁም። ታንኳን ከጣና ጋር ያዛመደው ሕዝብ ነገደ ወይጦ ይባላል። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ማድረግ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ሙያቸው ነው። ሴቶቹ ስፌት ይሰፋሉ፤ ወንዶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የወፍጮ ድንጋይም እየጠረቡ ይሸጡ ነበር። የደምበያና የባሕር ዳር እናቶች ስንት ዘመን በነሱ ወፍጮ ፈጭተው አሳድገውናል! «ወይጦ» የሚለውን ቃል ግን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሰማነው እንደ ስድብ ነው። ለዚህ ነው «ነገደ» መባልን የሚመርጡት። እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እላለሁ።

ምን አጠፉ? ጉማሬ በሉ። በቃ፣ ክሱ ይኼው ነው። አያቶቻቸው ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ነበር፤ አምባዛም ይበላሉ። ክርስቲያኑ ርኩስ አላቸው። ሙስሊም ነን ሲሉ ደግሞ ሌላው ሙስሊም «ጉማሬ እየበላችሁ ምን ዓይነት እስልምና ነው?» ብሎ ለረጅም ዘመን ራቃቸው። በሃይማኖት የማይገናኙት ሁለቱ ወገኖች እነሱን በመጸየፍ ተገናኙ። የዚያው ጉማሬ ቆዳ አለንጋ ሆኖ ሲመጣለት የተጸየፈ ባላባት ግን ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም አማርኛችን አለንጋውን ራሱን «ጉማሬ» ይለዋል። ሥጋው ያረክሳል፣ ቆዳው ያስከብራል ማለት ነው። ዛሬ አደኑ ከቀረ ቆይቷል። ስሙ ግን አልቀረም።

ጋዜጠኝነት ስማር ለሬዲዮ ልምምድ ሐይቁ ዳር ካሉት መንደሮቻቸው አንዱ ሄደን እንድንቀርጽ ሐሳብ አቀረብኩ። ከቡድናችን አንዷ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። ጅብ አልፈራችም፣ ጭቃ አልፈራችም። «ቡና ቢያፈሉልንስ?» ነበር ያለችው። አስቡት! የፈራችው እንዳይሰድቧት ወይም እንዳያባርሯት አይደለም፤ እንዳያስተናግዷት ነው። አራተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነን፤ ስለ ሚዲያና ብዝኃነት የሚል ኮርስ ወስደን «ኤ» ያመጣን ልጆች። ሌላ ርእስ ተመረጠ።

ቋንቋቸውንም እናንሳ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በዚህ ሲያልፍ፣ በአገሩ ካሉት ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎ ነበር። ጀርመናዊው ምሁር ዩገን ሚትቮህ በ1907 ሲጽፍ ግን ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። 140 ዓመት በማይሞላ ጊዜ አንድ ቋንቋ ጠፋ፤ የየትኛው ቋንቋ ዘመድ እንደነበር እንኳ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር ምሁር የለም። እነሱ ቋንቋችንን ተቀበሉ፤ እኛ ግን መሶባችንን አላቀረብንላቸውም።

አሁን ወደ ጠቤ ልምጣ። ስለ ነገደዎች ባነሳሁ ቁጥር ከባለሥልጣኑም ከባለ ካፌውም የምሰማት አንዲት መልስ አለች፦ «እነሱ እኮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይወዱም።» ይቺን አባባል ነው ዛሬ የምጣላት።

እርግጥ ነው ይንቀሳቀሳሉ። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል። ደንገሉንና ዓሣውን የሚከተል ሰው ጎጆውን ከውሃው ጋር ቢያነሳና ቢተክል ሥራውን አወቀ እንጂ ሰነፈ አይባልም። ይኼኛው እንቅስቃሴ የነሱ ነው። ሌላኛው እንቅስቃሴ ግን የኛ ሥራ ነው።

ባሕር ዳር እንዲህ ያለች ከተማ የሆነችው በቅርቡ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊ ቴክኒኩ፣ ጀርመኖች የነደፉት ፕላን፣ ቤዛዊት ላይ የቆመው የንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ ሁሉም የመጡት በ1950ዎቹ ነው። ደርግ ወድቆ ክልሉ መቀመጫውን እዚህ ሲያደርግ ደግሞ ሆቴሉና ሎጁ የሐይቁን ዳር ያዘ። ዳሩ ረግረግ፣ ትንኝና ወባ ብቻ በነበረበት ዘመን ነገደዎችን «ተነሱ» ያላቸው አልነበረም። መሬቱ ዋጋ ማውጣት ሲጀምር «ተነሱ» መጣ። ራቅ ብለው ሰፈሩ። ከተማዋ እዚያም ደረሰችባቸው፤ እንደገና «ተነሱ»። ከዚያ ዞር ብለን ምን አልን? «እነዚህ ሰዎች አንድ ቦታ አይቀመጡም!»

ይህ ፈሊጥ የኛ ብቻ አለመሆኑ ነው የሚገርመው። አውሮፓ ውስጥ ሮማ የሚባሉ፣ በተለምዶ ጂፕሲ የምንላቸው ሕዝቦች አሉ። «ጂፕሲ» የሚለው ስም «ግብጻዊ» ከሚለው የመጣ ነው፤ አውሮፓውያኑ ከግብጽ የመጡ መስሏቸው ነበር እንጂ አመጣጣቸው ከሕንድ ነው። (ከነገደ ሽማግሌዎችም ዓባይን ተከትለን ከግብጽ መጣን የሚሉ አሉ። ዓባይ የማያዛምደው የለም።) ፊልምና ፖስትካርድ ላይ ሮማ ማለት ፈረስ የሚጎትተው፣ በደማቅ ቀለም ያጌጠ ጋሪ ነው። ጋሪ ስል ሲሚንቶና ጤፍ የሚጭነውን የኛን አታስቡ፤ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው ቤት ነው። እንግሊዞች ይህን ጋሪ ይወዱታል፣ ሙዚየም ውስጥ ያስቀምጡታል። የሚቆምበትን ሜዳ ግን አንድ በአንድ ዘጉት። እ.ኤ.አ. በ1968 የአካባቢ አስተዳደሮች ለተጓዦቹ ማረፊያ እንዲያዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ፤ በ1994 ግዴታውን ሰረዙት፤ በ2022 ደግሞ ተነሱ ተብሎ ያልተነሳ ተጓዥን እስከ እስር የሚያደርስ ሕግ ጨመሩ። ሮማንያ ውስጥ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባሪያ ሆነው ይሸጡ ነበር። ናዚዎች በመቶ ሺዎች ጨርሰዋቸዋል። ፖስትካርዱ ላይ ይህ የለም። ጋሪው አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ማረፊያው የለም።

ልክ እንደኛ ታንኳ።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለአርሶ አደሩም ለዘላኑም ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷል፤ ንዑስ አንቀጽ 5 በቀጥታ ስለ ዘላኖች ነው። እንግዲህ ክቡራን የከተማችን ሹማምንት ምረጡ። ነገደዎች ተዘዋዋሪ ናቸው ካላችሁ የተዘዋዋሪ መብታቸውን አክብሩ። የለም፣ ከተሜ ናቸው ካላችሁ እንደ ከተሜ የይዞታ ካርታ ስጧቸው። አሁን የተያዘው ግን ሁለቱንም ቢላ ነው፤ በአንዱ ሲስቱ በሌላው ይቆርጣሉ። የመሬት መብት ሲጠየቅ ከብት የሌለው ምን ዘላን ነው ይባላል። ካሳ ሲጠየቅ ደግሞ ካርታ የሌለው ምን ከተሜ ነው ይባላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፍለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ውሃው ዳር የኖረ፣ ማንም ወረቀት ያልሰጠው ሰው በዚህ ሚዛን ሲለካ «ሕገወጥ ሰፋሪ» ሆኖ ይገኛል። ከተማዋ ሳትመጣ የነበረው ሰው በከተማዋ ሕግ እንግዳ ሆነ!

የሚጮህላቸውም የለም። በክልሉ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ ዞን አላቸው፤ አርጎባ ልዩ ወረዳ አለው። ነገደዎች ምንም የላቸውም። በ1987ቱ ቆጠራ የተመዘገቡት ከ1,700 አይበልጡም። ስድቡን ሸሽቶ ሌላ ያስመዘገበው ስንት እንደሆነ ግምቱን ለናንተ ልተወው።

ደንገሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ገባ። በ1995 ውሃው ክፉኛ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ሳይቀሩ መጓዝ አቁመው ነበር። በ2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። መብራቱን አልጠላም፤ ይህን የምጽፈውም በመብራት ነው። ነገር ግን ውሃው የሸሸበት ዳር እየታረሰ፣ ከብት እየተሰማራበት፣ ደንገሉ እየሳሳ ሲሄድ ማን አስቦ ጠየቀ? ቀጥሎ እምቦጭ መጣ። በ2010 አገር ምድሩ ለጣና ተነሳ፤ ገንዘብ ተዋጣ፣ ማሽን ተገዛ፣ ወጣቱ በአውቶቡስ እየመጣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አረም ነቀለ። የሚያኮራ ነበር። ስለ ዓሣው፣ ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ዓባይ ተለቀሰ። ከውሃውና ከደንገሉ ውጪ መተዳደሪያ ስለሌለው ሕዝብ የተለቀሰ ዕንባ ግን እኔ አላየሁም። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 የባዮስፌር ቅርስ አድርጎ ሲመዘግብ ቃሉ ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ቦታ ማለት ነበር። ተፈጥሮውንስ እሺ፤ ሰውየውስ?

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ስለሚያናድደኝ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ለመሥራት ደንገሉ የተጫነው ከየት መሰላችሁ? ከጣና! ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ያቺ ጀልባ መንገድ ላይ ተበታተነች። በማግሥቱ ዓመት ለ«ራ ሁለት» አሁንም የኢትዮጵያ ደንገል መጣ፤ የዚያን ጊዜ ሠሪዎቹ የመጡት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ ነበር። ጀልባዋ ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ሰውየው ለሠሪ ምርጫው የራሱ ምክንያት ነበረው፤ እሱን አልከሰውም። እኔን የሚያበግነኝ ደንገላችን ውቅያኖስ መሻገሩን እየተረክን ደንገሉን ማሰር የሚያውቁትን ሰዎች ከሰፈራችን እንዳይሻገሩ መከልከላችን ነው።

አሁን «ልማት አትፈልጊም ወይ?» የሚለኝ ይመጣል። እፈልጋለሁ። ግን ልማት የምትሉትን ዳር በእግራችሁ ዞራችሁ እዩት፤ ቡና ወይም ቢራ ሳትገዙ ጣናን ቁጭ ብላችሁ የምታዩበት ቦታ ስንት ቀርቷል? ከነገደዎች ተወስዶ ለኛም አልተሰጠንም።

በሌላ በኩል ደግሞ የባህል ወዳጆች አሉ፤ እነሱም ትንሽ ያስፈሩኛል። «ባህላቸው እንዳይጠፋ ታንኳቸውን ይዘው እንደድሯቸው ይኑሩ» ይላሉ። ለምን? የነገደ ልጅ ምሕንድስና መማር ቢፈልግስ? ታንኳ በወራት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል፤ እንደገና ማጨድ፣ እንደገና ማሰር ነው። ጀርባ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ወጣቶች ቢተውት ደስ ይላቸዋል፤ መብታቸውም ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ቱሪስቱ ሲርቅ፣ የስፌቱና የትንንሹ ታንኳ ገበያም አብሮ ራቀ። ሰው እየራበው ለኛ ፎቶ ታንኳ ሲቀዝፍ እንዲኖር መፍረድ ያው ፖስትካርድ ነው። መተውም መቀጠልም የነሱ ምርጫ መሆን አለበት፤ ምርጫ የሚኖረው ደግሞ የማይነቀል ደጃፍ ያለው ሰው ነው።

ጎርጎራ ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዱ ሆናለች፤ የኮሪደር ልማቱም ባሕር ዳር ገብቷል። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ዋጋ ነገ ከዛሬ ይበልጣል። የከተማው አስተዳደር ሳይውል ሳያድር ያሉትን የነገደ መንደሮች ይመዝግብ፣ ካርታ ይስጥ፣ ደንገል የሚያጭዱበትን ዳርቻ ለይቶ ከጨረታ ያውጣው። ገንዘቡ የለም አይባልም፤ ካርታ ማተም ብዙ አያስወጣም። እኛም ጋዜጣ ላይ የሊዝ ማስታወቂያ ስናይ ስፋቱንና መነሻ ዋጋውን ብቻ አንብበን አንለፍ። የቦታ ኮድ፣ ካሬ ሜትር፣ አገልግሎት፣ ደረጃ፣ ሁሉም በሠንጠረዥ ተደርድሯል። አንድ ዓምድ ይጨመርበት፦ ቦታው ላይ ማን ይኖር ነበር፣ አሁንስ የት ነው?