ካሜራውን ማን ያዘው?

እኔ የምለው፣ አብርሃም ኃይሌ ብሩን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? አትፈሩ፣ እኔም በጋዜጠኝነት ተመርቄ አላውቀውም ነበር።

የቻዱ ዳይሬክተር ማሃማት ሳሌህ ሃሩን «አቡና»ን (እ.ኤ.አ. 2002) ሲሠራ ካሜራውን የያዘው ይህ ኢትዮጵያዊ ነው። በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ፣ በፌስፓኮ፣ የፊልሙ ቀረጻ ተሸለመ። «ዳራት»ንም (2006) የቀረጸው እሱ ነው፤ ፊልሙ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል። አዲስ አበባ ያለውን የብሉ ናይል ፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚንም ያቋቋመው እሱ ነው።

ማክሰኝት ላይ ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ አውቃለሁ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሙሽሮቹን ደጅ ያቆማቸዋል፤ ሚዜዎቹ ይሰድቡታል። ብርሃን እየመረጠ እኮ ነው! «ፊልም ውስጥ ለመግባት የግድ አክተር ወይ ዳይሬክተር መሆን አለብኝ አይደል?» አለኝ።

ይህን ያስተማርነው እኛ ነን። «ጤዛ» (2008) ሲነሳ ጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ ይነሳል፤ ይገባዋልም። የቀረጸውን ጣሊያናዊ፣ ማሪዮ ማሲኒን ግን ማን ያነሳዋል? ተዋናይ ስናገኝ የሚወደውን ምግብ ሳይቀር እንጠይቃለን፤ የካሜራማኑን ስም እንኳ አንጠይቅም።

ለልጁ የአብርሃምን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ደጋግሞ አነበበውና፣

«እሱም በሰርግ ነው የጀመረው?» አለኝ።