ተተኪው የሚሠራው አሮጌው ቆሞ ሳለ ነው

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባለት ውኃ እዚያው ይቀራል። ጣና ግን መውጫው ዓባይ ነው፤ ዓባይም ገና ከሐይቁ ሲወጣ ባሕር ዳርን ለሁለት ይከፍላታል። ሁለቱ የሐይቅ ዳር ከተሞች በድልድይ ነገር የተለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሐዋሳ ከአሞራ ገደል ተነስታ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ስትሰፋ ትልቅ ወንዝ አልከለከላትም። ባሕር ዳር ላይ ግን ወደ ጎንደርና ወደ መተማ የሚያልፈው ከባድ መኪናም፣ ከማዶ ወደ ገበያ የሚመጣው እግረኛም በአንድ ጠባብ ድልድይ ሲጋፉ ኖረዋል።

ያ ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ አገልግሎ ተተኪ ያገኘው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። አዲሱ 380 ሜትር ይረዝማል፤ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። ስለ ስፋቱና ስለ ማታ መብራቱ ብዙ ተብሏል። ግንባታው በቆየባቸው ዓመታት አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ሆኖ መኪና ማሳለፉን ግን ያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። አሮጌ ድልድይ ከሚሰጠው አገልግሎት ትልቁ የመጨረሻው፣ ማለትም ተተኪው እስኪደርስ የሚሰጠው ነው። እንግዲያው ድልድይ መተካት ያለበት ሊወድቅ ሲያዘምም ሳይሆን ገና ጭነት መሸከም ሲችል ነው።

ይህን ከባሕር ዳርም አጥርቶ የሚያሳየው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተሠራው የኮንክሪት ቅስት ድልድይ የታሰበው ለዘመኑ መኪና ነበር፤ ተሳቢ እየረዘመና እየከበደ ሲሄድ አቅሙ አነሰ። በቡሬና በነቀምት በኩል መሻገሪያ ቢኖርም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ለሚጓዝ ሰው ዙሪያ ጥምጥም ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው 303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ሲከፈት አሮጌው ከጎኑ ቆሞ ነበር። መሐንዲሶቹ የመሃሉን 145 ሜትር ክፍተት የገጠሙት ከወንዙ ላይ መወጣጫ ሳያቆሙ ነው፤ ከየምሰሶው ግራና ቀኝ ወለሉን እንደ ሚዛን እኩል እያስረዘሙና በኬብል እየወጠሩ መሃል ላይ አገናኙት። እንዲህ ያለ ሥራ ጥድፊያ አይወድም። ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ይጠበቃል፤ ኬብሉ በልኩ ይወጠራል፤ የወለሉ ከፍታ በየደረጃው ይለካል። የበረሃው ተዳፋት ደግሞ የሚንሸራተት መሬት ስለሆነ መሠረት ከመጣል በፊት ረጅም ጥናት ይጠይቃል። መሐንዲሱ ይህን ሁሉ ትዕግሥት የሚያገኘው አጠገቡ ክፍት መንገድ ካለ ብቻ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ሳይተካ የቆየ ድልድይ የሚያስከፍለውን ለማየትም ከዓባይ መራቅ አያስፈልግም። ሰባራ ድልድይ የተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን የጠላትን ጦር ለማገድ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት የሁለቱ ዳር ሰዎች በገመድ ታስረው ሲጎተቱ ተሻግረዋል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ተጠግኖ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እዚህ ላይ የጄኖቫን ድልድይ የሚጠቅስ ተከራካሪ አይጠፋም። በጣሊያን የሞራንዲ ድልድይ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተደርምሶ 43 ሰው ገደለ፤ ተተኪው ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተከፈተ። የወደቀ ድልድይ ፖለቲከኛን ያነቃል ማለት ነው፤ እውነት ነው። ሆኖም ያንን ፍጥነት የገዛው በልዩ ሕግ የተንቀሳቀሰ የሀብታም አገር ገንዘብ ነው፤ ከገንዘቡም በፊት 43 ሕይወት ተከፍሎበታል። ሀብትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የባሕር ዳሩ ድልድይ ሊመረቅ ሰባት ሳምንት ሳይቀረው፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ዳሊ የተባለች መርከብ የባልቲሞር ወደብን ድልድይ ገጭታ ጣለች፤ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ባልቲሞር ከወደቡ ሥር የሚያልፉ ዋሻዎች ስላሏት ሌላው መኪና መተላለፊያ አላጣም፤ አደገኛ ጭነት የያዘው ግን ዋሻ ስለማይገባ መዞር ግድ ሆነበት። በመጀመሪያ ከ1.7 እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ተተኪ ኋላ ከ4.3 እስከ 5.2 ቢሊዮን ደረሰ፤ ማብቂያውም ከ2028 ወደ 2030 እ.ኤ.አ. ተሻገረ። ያ ድልድይ የወደቀው በእርጅና ሳይሆን በአደጋ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የምወስደው ከወደቀ በኋላ ስላለው ሂሳብ ብቻ ነው።

የበለጠ የሚከብደኝ የድህነት ክርክር ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆች ወንዝ መሻገር ተስኗቸው ከትምህርት የሚቀሩባቸው ቀበሌዎች እያሉ፣ የቆመን ድልድይ መተካት ምን ይሉታል? ጥገና አይበቃም ወይ? ጥገና የሚመልሰው በአብዛኛው የድሮውን አቅም ነው፤ የዛሬውን ጭነት ለመሸከም ግን ሌላ አካል ያስፈልጋል። ወደ ገጠሩ የሚገባው ማዳበሪያና ነዳጅም መጀመሪያ በዋናው መንገድ ማለፍ አለበት። በዚያ ላይ ከባድ ጭነት የወረደለት አሮጌ ድልድይ ለእግረኛና ለቀላል መኪና ሊተርፍ ይችላል፤ ይህ ከወደቀ ድልድይ የማይገኝ ትርፍ ነው። የባሕር ዳሩን ድልድይ ስፋት በተመለከተ ግን ለተቺዎች ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። በኬብል የተወጠረን ወለል በኋላ ማስፋት እንደገና ከመሥራት ስለማይሻል አስቀድሞ አስፍቶ መንደፍ ያስኬዳል፤ ከድልድዩ ጫፍ የሚቀበለው መንገድ ከጠበበ ግን 43 ሜትሩ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

ሐዋሳ ትልቅ ድልድይ ባያስፈልጋትም ነገሩ አይመለከታትም ማለት አይደለም። ወደ ሻሸመኔና ሞጆ የሚወጣው ነባሩ መንገድ ጥቁር ውኃን ይሻገራል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ኮንቴይነርም ወደ ጅቡቲ የሚያቀናው በዚያው አቅጣጫ ነው። በአሮጌ ድልድይ ጎን ተተኪ ለመሥራት ከገንዘብ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ባዶ ቦታ ነው፤ በሚያድግ ከተማ ደግሞ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ዛሬ ከወንዙ ዳርና ዳር፣ ከመንገዱ ጎን ለጎን፣ በፕላን ላይ መስመር ተሰምሮ ግንባታ ቢከለከል ወጪው የአንድ ቃለ ጉባኤ ያህል ነው። ፎቅ ከቆመበት በኋላ ግን ካሳ፣ ክርክርና የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይከተላል።