ስሙን ስናወጣ



ላፍቶ ያለች ጎረቤቴ ሴት ልጅ ተገላገለች። በሰባተኛው ቀን የዐቂቃው ሥጋ ሲከፋፈል «ኡስታዝ፣ ደግነትን የሚያሳይ ስም ይምረጡልን» አለችኝ።

«ረሕማ» እዝነት ነው፤ «ኢሣር» ደግሞ ራስ እየፈለጉ ሌላውን ማስቀደም። ቁርኣን በሱረቱል ሐሽር (59፥9) የመዲና አንሷሮችን ያወደሰው በዚህ ጠባይ ነው። ቅርብ ምሳሌም አለን፤ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) «የሚስኪኖች አባት» ይባሉ ነበር። እዚሁ ሐበሻ የተወለደው ልጃቸው ዐብዱላህም በቸርነቱ ታወቀ። የስሙ ትርጉም ግን «የአላህ ባሪያ» ነው፤ ቸርነቱን ያሳየው በሥራው ነው።

ይህን ስናወራ አንዲት ችግረኛ እናት በር ላይ «ስለ አላህ» አለች። አያትየው ታላቁን ልጅ «አልቋል በላት» አሉት። ልጁ ዞሮ እናቱን አየ። እሷም ከአልጋዋ ሆና «እማዬ፣ ከእኔ ድርሻ ይሰጣት» አለች። ልጁ ሳህኑን ይዞ ሮጠ።

ሕፃኗ ረሕማ ተባለች።

ወላጆች ሆይ! ስሙን የምናወጣው በአንድ ቀን ነው፤ ትርጉሙን ግን ልጆቻችን በየዕለቱ ከእኛ ይማራሉ። አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ አሚን።