ያ ሻንሲ ግራጫ ነበር

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ወዳጄ የ1971 ቢኤስኤ ላይትኒንግ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ማደስ ጀምሯል (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ «ሻንሲውን ጥቁር ላስቀባው ነው፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። ጥቁር ያምራል፤ የዘይት እድፍ አያሳይም፤ አብዛኞቹ የድሮ እንግሊዝ ሞተሮችም ጥቁር ሻንሲ ነው ያላቸው። እኔ ግን አይሆንም አልኩት።

ቢኤስኤ ለ1971 ሞዴሎቹ አዲስ ሻንሲ አወጣ። የሞተሩ ዘይት ለብቻው በተሠራ ታንከር ሳይሆን በራሱ በሻንሲው ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። እህት ኩባንያው ትሪያምፍም በዚሁ ሻንሲ ተጠቀመ። ትሪያምፍ ጥቁር ሲቀባው፣ ቢኤስኤ ወደ ነጭ የሚያደላ «የርግብ ግራጫ» የሚባል ቀለም ቀባው። ብዙ ደንበኛ አልወደደውም፤ በ1972 ቢኤስኤ ወደ ጥቁር ተመለሰ። በ1973 ደግሞ በዕዳ የተዳከመው ኩባንያ ከኖርተን ቪልየርስ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ ያ ግራጫ የአንድ ዓመት ቀለም ነው። የ1971 ላይትኒንግ ጥቁር ሲቀባ ያ ዓመት ከላዩ ላይ ይጠፋል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ቪ7 ስፖርትን ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሞተሮች ቀይ ሻንሲ ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ጥቁር ናቸው። ቀዩ ዛሬ በጣም ስለሚፈለግ ጥቁሩን ቀይ ቀብቶ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ማቅረብ ያጓጓል። ጥቁር ሆኖ የወጣውን ቀይ ቀብቶ ማቅረብ ገዢን ማታለል ነው።

ትክክለኛውን ቀለም ለማወቅ ሻንሲውን ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ብርጭቆ ወረቀት ከመንካቱ በፊት ብሎን ተጭኖት የኖረውን፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን፣ የመሪውን አንገት ዙሪያ ማየት ነው። ፀሐይና የኋላ ቀቢ ያልደረሱበት ቦታ የፋብሪካውን ቀለም ይዞ ይቆያል።

ቀለሙ ከታወቀ በኋላ አቀባቡ ይቀራል። አሁን ብዙ ቦታ የሚመከረው ፓውደር ኮቲንግ ነው፦ ደረቅ ዱቄት በኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ ይጣበቅና 200 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራል። ጠንካራ መሆኑን አልክድም። ግን ወፍራም ነው። የብየዳውን ጠርዝ ያድበለብለዋል፤ በብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያደበዝዘዋል። ሊብሬ ይዞ ቁጥር ሲያመሳስል የዋለ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል። ጠጠር መትቶ ከሰነጠቀው ደግሞ ውሃ ከሥሩ ይገባና ዝገቱ ሳይታይ ይስፋፋል። የፋብሪካው ቀለም ፈሳሽ ነበር፤ ስሱ ነበር፤ የብየዳው ጉብታ በላዩ ይታይ ነበር። ስለዚህ በስሱ የተረጨ ቀለም ይበቃል። ብየዳውን በስቱኮ ሞልቶ ማለስለስም አያስፈልግም፤ ፋብሪካው አላለሰለሰውም።

በዚህ ሞተር ላይ ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን አሮጌውን ቀለም በአሸዋ ማስነሣት ነው። ሻንሲው የዘይት ማጠራቀሚያ መሆኑን አንርሳ። ቀዳዳዎቹ በደንብ ካልተደፈኑ አሸዋው ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ከዘይቱ ጋር ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ አዲስ የተሠራውን ሞተር በልቶ ይጨርሰዋል። ቀለም በሚያስለቅቅ ኬሚካልና በእጅ መፋቅ ይዘገያል፤ እኔ ግን መዘግየቱን እመርጣለሁ።

ትናንት ማታ ወዳጄ ፎቶ ላከልኝ። በመሪው አንገት ላይ፣ ከሁለት ድርብ ጥቁር ቀለም ሥር፣ ጥፍር የምታህል ግራጫ ወጥታለች። እንዳይፍቃት ነገርኩት፤ ቀለም ቀቢው የሚያመሳስለው ከእሷ ጋር ነው።