ቢላል ዛሬ ልጃችንን ቢጠይቅ



እ.ኤ.አ. በ1730 አዩባ ሱለይማን ዲያሎ የሚባል ቁርኣን በቃሉ የያዘ ሰው በምዕራብ አፍሪካ ተይዞ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለትምባሆ እርሻ ተሸጠ። የትምባሆው ሥራ ሲከብደው ከብት ጠባቂ አደረጉት። ለመስገድ ጫካ ሲገባ አንድ ልጅ እየተከተለ ያሾፍበትና ፊቱ ላይ አፈር ይበትንበት ነበር። ይህን ስንሰማ ልባችን ይነካል። ነገር ግን አዩባ የተያዘው እሱ ራሱ ሁለት ሰዎች ሸጦ ሲመለስ ነው። ግፍ የተፈጸመበት ሰው ግፍ የፈጸመም ነበር።

ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። እዚሁ ወለጋም በገዥዎችና በባለጸጎች ግቢ ውሃ የሚቀዱ፣ እህል የሚፈጩ፣ ከብት የሚጠብቁ ባሮች ነበሩ። ቀድሞ በወለጋ ሥር በነበረችው አሶሳ፣ የሼህ ኾጀሌ ወርቅ በባሮች ጉልበት ይታጠብ ነበር። ሼሁ ሙስሊም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ ያሳተመችው አስቴር ገኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ሴት ናት።

ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ። ስድቡ ግን አልተሻረም። ዶርም ውስጥ «ባሪያ»፣ «ገርባ» እየተባባልን እንስቃለን። ለኒካሕ የመጣ ወጣት ዲኑና አኽላቁ ከተመሰከረለት በኋላ እንኳ «አያቱ የማን ቤት ነበሩ?» የሚል ሹክሹክታ ይከተለዋል።

«ቀልድ እኮ ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። አቡ ዘርም (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ በሰደበው ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነው የነገሩት። ከእጃችሁ በታች ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሉ፣ ከምትለብሱት አልብሱ ሲሉም አስተማሩ። ለታላቅ ሶሓባ ያልታለፈ ቃል ለእኛ በቀልድ ስም አይታለፍም።

እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች በቢላል (ረ.ዐ) እንኮራለን። ኩራታችን እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን የባሪያ ልጅ የነበረው ቢላል ዛሬ ሽማግሌ ቢልክ ልጃችንን እንድርለት እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ቃል ከአንደበታችን እናውጣ፤ ጓደኛችን ሲለውም አብረን አንሳቅ። ቤተሰብ ስለ ዘር ሲጠይቅ ዝም የማንል እንሁን።

አላህ ልባችንን ከጃሂሊያ ያጥራልን። አሚን።