ስለ ገና ስጦታ

የልደት በዓል ሲቃረብ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሚያብለጨልጭ ዛፍ ይደረደራል፤ አባትም ልጄ ከጎረቤት ልጅ አይነስብኝ በማለት ተበድሮ ይገዛል። ይህ ልማድ የሚመሰገን አይደለም። አዲስ ልብስ አይገዛ ማለቴ ግን አይደለም፤ ልጅን ለበዓል ማልበስ የቆየ ወግ ነውና።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ተይዞ ታኅሣሥ 29 ቀን በተፈታ ጊዜ፥ የቀድሞ ልጅ ደስታው የገና ጨዋታ ነበረ። ጫፉ የቆለመመ እንጨት ከዱር ፈልጎ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ይቆርጥለታል፤ ሩሩም ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከጠፍር ይበጃል። በሜዳው ጌታና ሎሌ ይጋፉ ነበር፤ ሎሌ ጌታውን ቢመታው እንኳ ቁጣ አልነበረም። ዛሬ ግን የባለጸጋው ልጅ አሻንጉሊቱን ይዞ ደጅ ሲወጣ፥ የድሀው ልጅ ቆሞ ይመለከታል።

ሰብአ ሰገልስ ወርቅ፥ ዕጣንና ከርቤ አምጥተው የለምን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር ተጉዘው ያመጡት ለገዛ ልጆቻቸው አልነበረም፤ ማደሪያ ላጣች እናት ልጅ ነው እንጂ።

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው ይኖራሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ ባይበላም ዳቦና ቡና ይካፈላሉ። እንግዲህ በገና ማለዳ ልጁን ከድፎው ቆርሰን ወደ ጎረቤት ብንልከው ምን ይጎድልበታል? የቤቲቱ እመቤት መርቃ ትቀበለዋለች፤ ሳህኑንም ብዙ ጊዜ ባዶውን አትመልሰውም።